«የማይመጣጠን ቤት ነው እንዴ የሰራችሁልኝ?» ስለ «ኢ-ተመጣጣኝ» የመጡ ጥያቄዎች

ሰላም ውድ አንባቢዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አምስቱ ዞረው ዞረው አንድ ቃል ላይ ነው የወደቁት፣ ፈረንጆቹ ግራና ቀኙ ለማይገጥም ነገር አሲሜትሪካል የሚሉትን በአማርኛ ምን እንበለው፣ «ኢ-ተመጣጣኝ» የሚለውስ ያስኬዳል ወይ የሚለው ላይ። ስለዚህ የሌሎቻችሁን ለሚቀጥለው አቆይቼ ዛሬ ገጹን በሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ሐሳባቸውን ግን አልነካሁም።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። አራት ኪሎ አካባቢ የህንፃ ዲዛይን የሚሰራ ቢሮ ውስጥ ፀሐፊ ነኝ፣ ትርጉም ሲኖርም እኔው ነኝ የምሰራው። ባለፈው ለአንድ ደንበኛ የዲዛይኑን መግለጫ ወደ አማርኛ መለስኩለት፣ አርክቴክቱ «የፊት ለፊት ገጽታው አሲሜትሪካል ነው» ብሎ የጻፈውን እኔ «ኢ-ተመጣጣኝ ነው» አልኩት። ሰውዬው ሲያነበው ቢሮ ድረስ መጣና «ገንዘቤን ከፍዬ የማይመጣጠን ቤት ነው እንዴ የሰራችሁልኝ?» ብሎ በጣም ተቆጣ። አለቃዬ ይቅርታ ጠይቂው አለኝ፣ ጠየቅኩት። ግን እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። እውነት ቃሉ ስህተት ነበር?

መልስ፦ እህቴ ደብዳቤሽን ሁለት ሶስቴ ነው ያነበብኩት፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ አንቺም ሰውዬውም፣ ችግሩ ያለው ቃሉ የሁለት ነገር ሸክም መሸከሙ ላይ ነው። እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

«መጠነ» ግዕዝ ነው፣ ለካ ማለት ነው፣ ከሱ ነው መጠን የሚለውን ያገኘነው። «ተመጣጠነ» ስንል ደሞ አንዱ ካንዱ ጋር ተለካክቶ ልክ ለልክ ሆነ እያልን ነው። የሚገርምሽ የአሲሜትሪ ተቃራኒ የሆነው ሲሜትሪ የሚለውም በግሪክኛ ሥሩ ያው ነው፣ «ሲን» አብሮ፣ «ሜትሮን» ልኬት፣ ማለትም አብሮ የተለካ። ስለዚህ ቃሉን መጀመሪያ «መመጣጠን» ብለው ወደ አማርኛ ያመጡት ሰዎች ዝም ብለው አልገመቱም፣ ሥሩን ካየን ከዚህ የተሻለ አቻ ማግኘትም ይከብዳል።

ነገር ግን ቃል ሥሩ ላይ ተቀምጦ አይቀርም። በጥንቱ ግሪክና ሮም ሲሜትሪ ማለት ግራና ቀኝ አንድ አይነት መሆን አልነበረም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ሮማዊው አርክቴክት ቪትሩቪየስ ቃሉን የሚጠቀምበት የህንፃው ክፍሎች እርስ በርስና ከጠቅላላው ጋር ያላቸውን ልክ ለመግለጽ ነው፣ ዓምዱ ለጣሪያው፣ በሩ ለግድግዳው፣ እንደዛ። በኋላ ነው አውሮፓ ውስጥ ትርጉሙ እየጠበበ ሄዶ «ግራው የቀኙ መልክ ነው» ወደሚለው የዞረው፣ እ.ኤ.አ. በ1673 ክሎድ ፔሮ የሚባል ፈረንሳዊ ቪትሩቪየስን ሲተረጉም ይሄንኑ ልዩነት አንስቶ የኛ ሲሜትሪና የሱ ሲሜትሪ አንድ አይደለም ብሎ ማስረዳት ነበረበት። እንግዲህ አንቺን የገጠመሽ ከ350 ዓመት በፊት ፓሪስ ላይ የገጠመ ነገር ነው።

አማርኛው ግን የድሮውን ትርጉም ነው ይዞ የቀረው። እስቲ ቃሉን በየቀኑ የት እንደምንሰማው አስቢ። ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ «የተመጣጠነ ምግብ»፣ ሱቅ በር ላይ «በተመጣጣኝ ዋጋ»። የተመጣጠነ ምግብ ማለት ግማሹ እንጀራ ግማሹ ጎመን ሆኖ መሀሉ ላይ በመስመር የተከፈለ ሳህን አይደለም፣ ሁሉም በልኩ ያለበት ነው። ተመጣጣኝ ዋጋም ከዕቃው ወይም ከኪስ ጋር ልክ የሆነ ዋጋ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ጆሮ መመጣጠን ምስጋና ነው፣ በጎ ነገር ነው፣ አይመጣጠንም ሲባል ደሞ ነውር ተገኘበት ማለት ነው። እንግሊዝኛው አሲሜትሪካል ግን ወቀሳ የለበትም፣ ግራና ቀኙ አንድ አይደለም ብሎ ያለውን ብቻ የሚናገር፣ መደበኛ ጽሑፍ ላይ የሚገባ የጨዋ ቃል ነው። አንቺ የጨዋውን ቃል ይዘሽ ሄድሽ፣ ሰውዬው ጋ ሲደርስ ስድብ ሆነ።

ይሄ ልዩነት በደንብ የገባኝ ልብስ ሰፊ ጋ ነው። ፒያሳ ከምሰራበት ፎቅ ስር ትንሽ ቤት ውስጥ የሚሰፉ አንድ አባት አሉ፣ ጨርቁን ሁልጊዜ እጥፍ አድርገው ነው የሚቆርጡት፣ ጠረጴዛው ላይ አንጥፈው መሀሉን በመዳፋቸው ተጭነው ያጥፉትና በጠመኔ ያሰምራሉ፣ ከዛ ሁለቱን ድርብ ባንድ መቀስ። ሲዘረጉት ግራና ቀኙ ቁርጥ አንድ ነው። ሲሜትሪ ማለት እሱ ነው በቃ፣ ሲታጠፍ አንዱ ባንዱ ላይ የሚያርፍ። አንድ ቀን ግን ሳያጥፉ ሲቆርጡ አየኋቸውና ለምን ብዬ ጠየቅኩ፣ የደንበኛው ቀኝ ትከሻ ከግራው ዝቅ ያለ ነው አሉኝ፣ አጥፌ ብቆርጠው አንገቱ ጋ ይሸሻል ኮቱም ባንድ ጎን ይንጠለጠላል፣ ስለዚህ ለየብቻ ነው የምቆርጠው። ሰውየው መጥቶ ሲለካው ኮቱ ልክክ አለበት። ኮቱ ቢታጠፍ ግራና ቀኙ አይገጥምም፣ ግን ከሰውየው ጋር ተመጣጥኗል፣ እንዲያውም የተመጣጠነው ግራና ቀኙ ስላልገጠመ ነው። አሲሜትሪካል የሆነ ነገር ፍጹም የተመጣጠነ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ቤትሽም ውስጥ አለልሽ። ሲኒ አንሺ፣ ጆሮ የሌለውን የኛን ሲኒ ማለቴ ነው፣ እንደፈለግሽ አዙሪው፣ ከየትም በኩል ያው ነው። ጀበናዋ ግን እጀታዋ ባንድ ጎን ብቻ ነው ያለው፣ ከጎን ሆነሽ መሀሏን በመስመር ብትከፍያት ሁለቱ ወገን ፈጽሞ አይገናኝም። ጀበናዋ አይመጣጠንም የሚል ሰው ግን ሰምተሽ ታውቂያለሽ? አታውቂም፣ ምክንያቱም ሆዷ ለአንገቷ፣ አንገቷም ለእጀታዋ በልኩ ነው የተሰራው፣ ሞልተሽ ስትቀጂ እጅሽ ላይ አትከብድም።

ስለዚህ ምን ብትይ ይሻልሽ ነበር? እኔ ብሆን ለህንፃ «ኢ-ተመጣጣኝ»ን አልጠቀምም፣ «የህንፃው የፊት ገጽታ ሆን ተብሎ ግራና ቀኙ የተለያየ ሆኖ ነው የተነደፈው» ብዬ እጽፋለሁ። «ሆን ተብሎ» የምትለዋን እንዳትረሺ፣ እሷ ናት ሰውዬውን የምታረጋጋው። አጭር ቃል ካስፈለገና አንባቢው ባለሙያ ከሆነ «ሲሜትሪ የሌለው» ማለትም ምንም ነውር የለበትም፣ ሲሜትሪ እንደ ሞተርና እንደ ሲሚንቶ እየለመድነው ያለ ቃል ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ፒያሳ ያደግን ሰዎች ይሄ ነገር በአይናችን ውስጥ አለ። አራዳ ጊዮርጊስ ስምንት ማዕዘን ነው፣ ዙሪያውን ስትዞሪ ማዕዘኑ እየተደጋገመ አብሮሽ ይዞራል፣ ሲሜትሪ ለልጅ የሚገባው እዛ ግቢ ውስጥ ነው። የድሮዎቹ የፒያሳ ቤቶች ደሞ ሌላ ናቸው፣ እኛ ሰፈር የነበረው የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት ደረጃው በስተግራ ብቻ ነበር የሚወጣው፣ በስተቀኝ ሱቅ ነበር፣ መስኮቶቹም ላይና ታች አይገጥሙም፣ እና ከዛ ቤት በላይ ለአይን የሚሞላ ቤት አላየሁም። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ እሱም አብሮ ሄደ። ያ ቤት አይመጣጠንም የሚለኝ ሰው ቢመጣ እኔም እንደ ደንበኛችሁ የምቆጣ ይመስለኛል፣ ስለዚህ ሰውዬውን አትቀየሚው።

ጥያቄ፦ ስድስት ኪሎ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። መምህራችን «ኢ-ተመጣጣኝ ጦርነት» እና «ኢ-ተመጣጣኝ ፌዴራሊዝም» ይላል። ጓደኛዬ «ያልተመጣጠነ» ነው መባል ያለበት ብሎ ይከራከረኛል። ልዩነት አላቸው ወይስ ዝም ብሎ ግዕዝ ለማብዛት ነው?

መልስ፦ ልዩነት አላቸው፣ እና መምህርህ በአብዛኛው ልክ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ቢጠነቀቅ ደስ ይለኛል።

«ያልተመጣጠነ» ስንል መመጣጠን ሲገባው ሳይሆን የቀረ ነገር ነው የሚመስለው፣ የሆነ ሰው ልኩን ስቷል እንደማለት። «ኢ-ተመጣጣኝ» ግን ባሕርይ ነው የሚናገረው፣ ነገሩ ሲፈጠርም እንዲህ ነው ይላል። ፌዴራሊዝም ላይ ይሄ ደህና አድርጎ ይሰራል። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ቻርልስ ታርልተን እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሜትሪና አሲሜትሪን ለፌዴሬሽን ያዋለበትን ጽሑፍ ሲያወጣ የጠየቀው አባል ግዛቶቹ ከማዕከሉ ጋር ያላቸው ግንኙነት አንድ አይነት ነው ወይስ ይለያያል ብሎ ነው። ማሌዥያን ብታይ ሳባህና ሳራዋክ ሌሎቹ ግዛቶች የሌላቸው ሥልጣን አላቸው፣ ለምሳሌ ከዛው ከማሌዥያ ሌላ ግዛት የሚመጣውን ሰው መግባት ሳይቀር ይቆጣጠራሉ። ይሄ ስህተት አይደለም፣ ሲዋሃዱ ተስማምተው ያደረጉት ነው፣ ስለዚህ ያልተመጣጠነ ፌዴራሊዝም ብትለው ትበድለዋለህ፣ ኢ-ተመጣጣኝ ነው። የኛው የ1987 ሕገ መንግሥት ደሞ አንቀጽ 47 ላይ አባል ክልሎች እኩል መብትና ሥልጣን አላቸው ይላል፣ በወረቀት ሲሜትሪካል ነው ማለት ነው፣ ሐረሪንና ኦሮሚያን በስፋትና በሕዝብ ብዛት ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ግን መሬት ላይ ያለው ሌላ ነው። ፈተና ላይ ሁለቱን ለይተህ ጻፍ፣ ሕጉ የሚለውን ለብቻ መሬት ላይ ያለውን ለብቻ።

ጦርነት ላይ ስትመጣ ነው ጥንቃቄው። አሲሜትሪክ ጦርነት የሚለው ሐሳብ የታወቀው አንድሩ ማክ የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1975 ትልልቅ አገሮች ትንንሽ ጦርነቶችን ለምን ይሸነፋሉ ብሎ ከጻፈ ወዲህ ነው፣ እሱ የጻፈው ቬትናምን እያየ ነው፣ እኛ ግን ነገሩን ከዛ በፊት እናውቀዋለን። ከ1928 እስከ 1933 አርበኞቻችን በጠመንጃ ጫካና ገደል ይዘው አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ካለው የጣሊያን ጦር ጋር የተዋጉት ይሄንኑ ነው። ሁለቱ ተዋጊዎች አቻ አይደሉም፣ ስለዚህ ደካማው የሚዋጋበት መንገድም የተለየ ይሆናል፣ ይመታል ይሰወራል፣ ጊዜን ይጠቀማል፣ ጠላት እስኪሰለች ይጠብቃል።

ችግሩ ምን መሰለህ፣ የጦርነት ሕግ ውስጥ «ተመጣጣኝነት» የሚለው ቃል ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች የመጀመሪያ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 51 ከሚጠበቀው ወታደራዊ ጥቅም በላይ የሆነ ጉዳት ሲቪሎች ላይ ያደርሳል ተብሎ የሚጠበቅ ጥቃትን ይከለክላል፣ ይሄንን ነው የሕግ ሰዎች የተመጣጣኝነት መርህ የሚሉት። እንግዲህ አንድ ዜና «ኢ-ተመጣጣኝ ጥቃት ተፈጸመ» ቢል አንባቢው ምን ይረዳ? ደካማው ብርቱውን መታ ነው፣ ወይስ ከልክ ያለፈ ወንጀል ተፈጸመ? አንዱ የውጊያ ስልት ነው፣ ሌላው ሰው ፍርድ ቤት የሚያቀርብ ነው። ሰው በሞተበት ጉዳይ ላይ ደሞ አንባቢን እንዲገምት መተው በጣም ከባድ ጥፋት ነው። ስለዚህ እኔ የምመክርህ ለስልቱ «አቻ ያልሆኑ ኃይሎች ጦርነት» በል፣ ከልክ ላለፈው ደሞ «ከመጠን ያለፈ ጥቃት» በል። አቻ የምትለዋ ቃል የሁላችንም ናት፣ አያቴም መምህርህም እኩል ይረዷታል።

ለጓደኛህም፣ ግዕዝ ማብዛት ብቻ አይደለም በለው፣ ግን ጥያቄው ጥሩ ነው፣ መጠየቁን እንዳይተው።

ጥያቄ፦ እናቴ የጡት ራጅ ተነስታ ውጤቱ በእንግሊዝኛ ተሰጣት፣ ወረቀቱ ላይ «አሲሜትሪ» ይላል፣ ጎረቤታችን «ያልተመጣጠነ እድገት ማለት ነው» ብሎ ተረጎመላት፣ ከዛ ቀን ጀምሮ እህል አልቀምስ ብላለች። ሐኪም እንዳልሆኑ አውቃለሁ፣ ቃሉን ብቻ ቢያስረዱኝ።

መልስ፦ ልጄ መጀመሪያ እናትሽን አይዞሽ በይልኝ። አዎ ሐኪም አይደለሁም፣ ስለ ቃሉ ግን ልንገርሽ፣ ጎረቤታችሁ ቃሉ ላይ የሌለ ነገር ነው የጨመረው። «እድገት» የሚል እዛ ውስጥ የለም። ጡትን በራጅ የሚያነቡ ሐኪሞች አሲሜትሪ የሚሉት ለአንድ የተወሰነ ነገር ነው፣ ራጁ ከአንድ በላይ በሆነ አቅጣጫ ይነሳል፣ ከነዚህ ባንዱ አቅጣጫ ብቻ በሌላኛው ጡት ላይ የማይታይ ነጣ ያለ ጥላ ከታየ ያንን ነው። ብዙ ጊዜ ጤነኛው ሥጋ አንዱ ባንዱ ላይ ሲደራረብ የሚፈጥረው ጥላ ሆኖ ይገኛል። አንዳንዴ ግን ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ነው ተጨማሪ ፎቶ ወይም አልትራሳውንድ የሚያዙት፣ ስለዚህ ቃሉ «በሽታ ነው» አይልም፣ «ምንም አይደለም»ም አይልም፣ «ደግመን እንየው» ነው የሚለው። የተሰጣትን ቀጠሮ እንዳታሳልፍ፣ አብረሻት ሂጂና ወረቀቱን ያነበበውን ሐኪም በአማርኛ እንዲያስረዳት ጠይቂው፣ መብታችሁ ነው።

ሰውነታችን እንደሁ ከጥንቱም ግራና ቀኙ አይገጥምም። ጉበት በቀኝ ነው፣ ልብ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ የቀኙ ሳንባ ሶስት ክፍል ሲኖረው የግራው ሁለት ነው፣ ለልቡ ቦታ ሲለቅ። ይሄ ሁሉ ጤና ነው። የሚያስፈራው ድንገት የሚመጣው ነው፣ አንድ ሰው በደህና ዋለና ፊቱ ባንድ ጎን ወደቀ፣ ፈገግ በል ሲሉት አፉ ተጣመመ፣ አንዱ እጁ አልነሳ አለው፣ ንግግሩ ተንተባተበ፣ እሱ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ምች ነው ብሎ ቤት ማስተኛት አያስፈልግም፣ በደቂቃ ውስጥ ሆስፒታል ነው። ከጥያቄው ወጥቼ ይሄን የጻፍኩት አንድ ሰው እንኳን ቢያነበው ብዬ ነው።

ጥያቄ፦ «ኢ-» የምትለዋን ማንኛውም ቃል ላይ መቀጠል ይቻላል? ደሞ ኢ-ሜይል ላይ ያለችውስ እሷው ናት?

መልስ፦ አይደለችም። ኢ-ሜይልና ኢ-ኮሜርስ ላይ ያለችው ኤሌክትሮኒክ ከሚለው የመጣች እንግዳ ናት፣ ኢ-ፍትሐዊ፣ ኢ-ሰብአዊ፣ ኢ-መደበኛ፣ ኢ-አማኒ ላይ ያለችው ግን የግዕዝ አፍራሽ ናት። በአይን አንድ ናቸው፣ ትርጉማቸው አይገናኝም፣ ይሄ ልጆችን ሲያደናግር ስላየሁ መምህራን አንድ ጊዜ ቢያስረዱ ጥሩ ነው እላለሁ። የግዕዟ ኢ የምትስማማው የመጽሐፍ ጠረን ካላቸው ቃላት ጋር ነው፣ ኢ-ቆንጆ ወይም ኢ-ትልቅ አይባልም፣ የቤት ቃል በቤት ማፍረሻ ነው የሚፈርሰው፣ ቆንጆ አይደለም፣ ትልቅ አይደለም። አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ፣ ሰሞኑን አንድ ሪፖርት ላይ «ኢ-ያልተመጣጠነ» የሚል አነበብኩ። ያል ውስጥ አፍራሽ አለ፣ ኢ ሌላ አፍራሽ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ጸሐፊው ሊል የፈለገውን ገልብጠው የተመጣጠነ አደረጉት። እባካችሁ አንዱን ምረጡ። ለስም ደሞ «ኢ-ተመጣጣኝነት» ከምትሉ «አለመመጣጠን» በሉ፣ ያጥራል አፍም አይዝም።

ጥያቄ፦ አራዳ ክፍለ ከተማ የአራተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ልጆቹን ሲሜትሪ ያለውንና የሌለውን ለማስተማር ቢራቢሮና ቅጠል እያልኩ ሰለቸኝ፣ እነሱም ሰለቻቸው። ከኛው የሆነ ምሳሌ ካለዎት ብዬ ነው።

መልስ፦ መምህርት፣ ያውም በየቀኑ ሰሌዳው ላይ የምትጽፊው ነገር አለልሽ እኮ፣ ፊደል። እኔ ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ልጅ ባገኘሁ ቁጥር ነው የማሳየው።

ወረቀት ላይ ትልቅ አድርገሽ ሀ ጻፊና ቁመቱን ይዘሽ መሀሉን እጠፊው፣ ግራው ቀኙ ላይ ያርፋል። ዐ ክብ ናት፣ በየትም በኩል ብታጥፊያት ትገጥማለች። በ ትገጥማለች፣ ሰ ትገጥማለች። ደ ግን አትገጥምም፣ ከ አትገጥምም። ልጆቹን ሁለት ክምር አስወጫቸው፣ የሚገጥሙ ባንድ በኩል፣ የማይገጥሙ ባንድ በኩል። መከራከራቸው አይቀርም፣ አንዳንዱ ፊደል በእጅ ሲጻፍና በኮምፒውተር ሲጻፍ ትንሽ ይለያያል፣ ይከራከሩ፣ ወረቀቱ ይፈርዳል።

ከዛ በን ይዘሽ ወደ ጎን ሂጂ። ግዕዙ በ ሁለት እኩል እግር አለው፣ የተመጣጠነም ነው የሚገጥምም ነው። ካዕቡ ቡ ላይ ስትደርሺ በስተቀኝ አንድ ጭረት ትጨመራለች፣ በቃ መታጠፉ አበቃ፣ አይገጥምም። ሳልሱ ቢ ጭረቷን ወደ እግሩ ያወርዳታል፣ ኃምሱ ቤ ቀለበት ያደርጋታል፣ ሳድሱ ብ ደሞ ወደ ግራ ያሻግራታል። ስለዚህ ለልጆቹ እንዲህ በያቸው፣ ፊደሉ ድምፁን የሚቀይረው ሚዛኑን ባንድ በኩል እየሰበረ ነው፣ ሁሉም ግራና ቀኙ ቢገጥም ኖሮ ቡን ከብ በምን እንለየው ነበር? እዚህ ጋ አሲሜትሪ ጉድለት አይደለም፣ የሚያናግረው እሱ ነው።

መጨረሻ ላይ ትንሽ መስታወት ይዘሽ ግቢ፣ የቦርሳ መስታወትም ይበቃል። ራብዑ ባ ቀኝ እግሩ ነው የሚረዝመው፣ ሳብዑ ቦ ደሞ ግራ እግሩ። ባን ጻፊና መስታወቱን ከጎኑ አቁሚው፣ ልጆቹ ወደ ውስጥ ይዩ፣ ቦን ያገኙታል። ሳን ብታደርጊ ሶ ይሆናል።